በቁሙ ከተለቀሰለት ሰው ጋር ወደ አምባሰል

ይህን የምጽፈው ሐዋሳ ተመልሼ፣ ከሱቃችን ጀርባ ባለችው ክፍል ተቀምጬ ነው። ጓደኞቼ አምባሰልን በዘፈን ብቻ ነው የሚያውቁት። ስሙን ስጠራላቸው ቅኝቱን ያንጎራጉሩልኛል እንጂ ሰው የሚኖርበት፣ ማሽላ የሚዘራበት አገር ነው ብሎ የሚያስብ የለም። እኔም ከመሄዴ በፊት እንደዚያው ነበርኩ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ ረጅም ነገር ጽፌ አላውቅም። ስለዚህ ቀኑን እየተከተልኩ እሄዳለሁ፤ አለዚያ ይጠፋብኛል።

የሄድነው ሦስት ሆነን ነው። እህቴ ሙሉ፣ ባሏ ጋሽ ይመር እና እኔ።

ጋሽ ይመር የተሳቢ መኪና ሹፌር ነው። ተወልዶ ያደገው አምባሰል ነው። ሽንቱ ሲያጣድፈው «ብርድ ነው፤ ወንበር ላይ መዋል ያመጣው ነው» ሲል ሁለት ዓመት ቆየ። መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ለምርመራ ሲሄድ ሌላ ምርመራ አዘዙለት፣ ከዚያም ሌላ። ፕሮስቴት የሚባል ከፊኛ በታች ያለ እጢ አለ፤ ወንድ ብቻ ነው ያለው። እሱን ካንሰር ይዞታል ተባለ። እኛ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አናውቅም ነበር። ሐኪሙ «ገና ከእጢው አልወጣም፣ ቶሎ እናውጣው» ብለው አዲስ አበባ ለመተኛት ቀጠሮ አስያዙለት። ቀጠሮው ከተነሳንበት ቀን በሳምንቱ፣ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው።

ጋሽ ይመር ግን «መጀመሪያ እናቴን ልይ» አለ። ቀጥሎ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሐይቅ እስጢፋኖስም ገብቼ ሰባት ቀን እጠመቃለሁ» አለ። እህቴ በጣቷ ቆጠረች። ሰባት ቀኑ ረቡዕን ይበላዋል።

«እንሄዳለን» አለችው። «ረቡዕ ግን ትተኛለህ።»

ሻንጣ ሊያወርድ ተነሳ።

ስለ እኛም ልናገር። ወንድማችን ታምራት ከሞተ ሰባት ወሩ ነበር። በእህቴና በእኔ መካከል የተወለደው እሱ ነው። ጉበቱን ታሞ ዓመት ሙሉ «ደህና ነኝ» እያለን ኖሮ፣ ሲነግረን ሐኪም የሚሠራው ሥራ አልቆ ነበር። እህቴ ጥቁሯን አላወለቀችም። እኔም ጢሜን አልተላጨሁም። «አንተም ና» ስትለኝ ለምን አላልኳትም፤ ሱቁን ዘግተን ወጣን።

*ረቡዕ*

ከሐዋሳ አዲስ አበባ በሚኒባስ። ስለዚህ መንገድ የምጽፈው የለኝም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ጋሽ ይመር ጎኔ ተቀምጦ የሹፌሩን ማርሽ ይቆጥር ነበር። «ይሄ ልጅ መኪና አይነዳም፣ ይገፋል» አለኝ። መንገደኛ ሆኖ መሄድ አይችልበትም። እግሩ ባዶ ወለል ላይ ፍሬን ይረግጣል።

መናኸሪያው አጠገብ አደርን። እህቴ ክፍል የመረጠችው ሽንት ቤቱ ጎን ያለውን ነው። ይሸታል ብዬ ተናገርኩ። «አንተ ነህ የምትነሳው?» አለችኝ።

*ሐሙስ*

የደሴ አውቶቡስ ሳይነጋ ተነሳ። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። እኛ ሐዋሳ ብርድ የምንለው ነገር እዚያ ቢሄድ ያፍራል። ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁለቱን ስንወርድ ጋሽ ይመር ስለ ማርሽ ማውራቱን ተወ። የፊቱን ወንበር በሁለት እጁ ይዟል። ግንባሩ ላይ ላብ አለ፣ በዚያ ብርድ።

ረዳቱን በጆሮው ጠየቅኩት። «ሸዋ ሮቢት ነው የምንቆመው» አለኝ። እህቴ ሰማች። ተነስታ ቆመች፣ መኪናው እየወረደ።

«ሹፌር! አቁም! ባለቤቴ ይወርዳል!»

«እመቤት፣ ትንሽ ነው የቀረን» አለ ረዳቱ።

«ትንሹን አንተ ያዝለት እንግዲህ! ሰውዬው ታሟል። ካንሰር ነው። ይወርዳል!»

አውቶቡሱ ሙሉ ዞረ። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ሹፌሩ ዳር ያዘና ቆመ። ጋሽ ይመር አንገቱን ደፍቶ ወረደ። ከኋላው አምስት ወንዶች ተከታትለው ወረዱ፤ አንዱ ሽማግሌ እየሮጠ። ሲመለስ ሽማግሌው እህቴ አጠገብ ቆም አለና «ተባረኪ ልጄ፣ እኔ ለመናገር አፍሬ ነበር» አላት።

ጋሽ ይመር እስከ ከሚሴ አላናገራትም። ከሚሴ ሙቀቱ የኛን አገር ያስንቃል። ፓፓያ ገዛችና ልጣ ሰጠችው። በላ። ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ዳገቱን ደሴ። ለራት ሲቀርብልን «ካንሰር የሚለውን ባትጠሪው ምን ነበረበት?» አላት።

«ታምራት ስሙን ሳይጠራው ነው የሞተው» አለች። እንጀራውን ቆረሰች።

*ዓርብ*

ከደሴ ሐይቅ ከተማ ቅርብ ነው። መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር፤ ሁላችንም ወርደን መታወቂያ አሳየን። ጋሽ ይመር «ፍተሻ ደግ ነው፣ ሳይለምኑት ያስወርዳል» አለ። ከታመመ ወዲህ ስለ በሽታው ሲቀልድ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

ሐይቁን ሳይ ልቤ ሐዋሳ ሄደ። የኛው ሜዳ ላይ የተዘረጋ ነው፤ ዙሪያውን ሆቴል፣ ፎቶ አንሺ፣ ዓሣ ገበያው ላይ ደግሞ እንደ ዘበኛ የቆሙ አባ ኮዳ የሚባሉ ግዙፍ ወፎች አሉ። ይሄኛውን ተራራ አቅፎታል። እርሻው ውሃው ድረስ ይወርዳል። ጸጥ ያለ ነው። ባጃጁ ግን እንደኛው ነው፤ ሰማያዊ፣ ዘፈኑም ያው።

ዘሐራ የምትባል ሴት ዓሣ ቤት ገባን። ዓርብ ስለሆነ ገና ሳንቀመጥ «ፆመኞች ናችሁ?» አለች። በአካባቢው ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን ፆም በቃሉ ያውቀዋል። እህቴ «እሱ ታሟል፣ ይበላል» አለች። እሱ «አልበላም» አለ። ዘሐራ ሁለቱንም አየቻቸውና ሽሮም ዓሣም ይዛ መጣች። «አላህ ያውቃል፤ እናንተ ተጣሉ፣ እኔ አቀርባለሁ» አለች። ሽሮውን በላ። ዓሣውን እኔ በላሁት። ቆሮሶ ነው፣ የተጠበሰ፤ ከኛው ያነሰ፣ ሥጋው ግን የጠነከረ። ዳጣ የምንለው የቃሪያ ማባያ የላቸውም። ይህን ለሐዋሳ ሰው መንገር ግዴታዬ ነው።

ሚኒባስ ውስጥ ገብተን ሰው እስኪሞላ ስንጠብቅ አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን እየነፋ መጣ። ዘሐራ ራሷ ናት። እጇ ላይ ቡናማው ፖስታ አለ፤ የሐኪሙ ወረቀት፣ ምርመራው፣ የቀጠሮው ደብዳቤ፣ ሁሉም።

«ወንበር ሥር ገብቶ አገኘሁት» አለች። «አብሽሩ! ከዚህ ይልቅ ጫማችሁን ብትረሱ ይሻል ነበር።»

ፖስታውን የያዘው ጋሽ ይመር ነበር። ረስቶት ይሁን አውቆ፣ እኔ እንጃ። እህቴ አየችው። እሱ በመስኮት ሐይቁን አየ። ዘሐራ የባጃጁን ስንከፍላት እንቢ አለች። «ሲድን መጥቶ ዓሣውን ይብላ» ብላ ሄደች።

ውጫሌ ደረስን። የአምባሰል ከተማዋ ናት። ያሳደሩን አቶ እንድሪስ ናቸው፤ የጋሽ ይመር ሟች አባት ወዳጅ፣ ሙስሊም። ሁለቱ አባቶች ሲኖሩ በሬ አቀናጅተው ያርሱ እንደነበር ነገሩን። አልጋቸውን ለታማሚው ለቀው እርሳቸው ከእኔ ጋር መሬት ተኙ። የማሽላ እንጀራ በሉ አሉን። ጠቆር ያለ ነው፣ ጣፈጥ ይላል። እኔ ከእንሰት አገር ስለመጣሁ ለእንግዳ ምግብ አልበረግግም፤ ሦስት ጠቀለልኩ።

*ቅዳሜ*

መንደሩ ከውጫሌ በላይ፣ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ነው። አቶ እንድሪስ «ፀሐይ ሳይበረታ እንውጣ» ብለው ገና ጎሕ ሳይቀድ ቀሰቀሱን። ሻንጣችንን አህያቸው ተሸከመች። የአምባሰል ገደል ከላያችን ነው። እንደዚያ ያለ ቁም ገደል እኛ ዘንድ የለም። የሐዋሳውን ታቦር ተራራ እያልን መኖራችን አሳፈረኝ።

ጋሽ ይመር በየመሐሉ ይቆማል። መንደሩ ሲታይ አንዴ ደግሞ ከቁልቋል አጥር ኋላ ገባ። «ሂዱ፣ እደርሳለሁ» አለ። እኛም ሄድን።

እንግዲህ የሆነውን ተመልከቱ። ከፊት ሽበታም ሽማግሌ፣ ከኋላቸው ጥቁር የለበሰች የይመር ሚስት፣ ከእሷ ኋላ ጢሙ ያደገ ወንድሟ። ይመር የለም። ፀሐይ ገና አልወጣችም። መርዶ የሚረዳው በዚህ ሰዓት ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ በሽማግሌ። እኛም ለአክስቶቻችን ታምራትን ያረዳናቸው እንዲሁ ነው። ያውም ደውለን «እንመጣለን» አላልንም፤ ጋሽ ይመር እናቱ እንዳይሰጉ ብሎ ከልክሎን ነበር። መርዶ እንመስላለን ብሎ ያሰበ ግን ከመካከላችን አልነበረም። አቶ እንድሪስ እንኳ፣ ያን ሁሉ መርዶ ያረዱ ሰው።

ውሃ የቀዳች ሴት አየችን። ጀሪካኗ ከጀርባዋ ወደቀ።

«ይመርዬ! ይመርዬን!»

ከዚያ በኋላ በየበሩ ሰው ነው። እናቱ እማማ ተዋቡ ነጠላቸውን ሳይደርቡ ወጡ። ሮጠው እህቴን በሁለት ትከሻዋ ያዟት።

«ልጄን የት ጣልሽው?»

«አለ! እማማ፣ አለ! ትንሽ አሞታል እንጂ አለ!»

ከዚህ የባሰ መናገር አትችልም ነበር። መርዶ ሲነገር መጀመሪያ የሚባለው ይኸው ነው፤ «ትንሽ አሞታል።» እማማ ተዋቡ ቁጭ ብለው ደረታቸውን መቱ። አቶ እንድሪስ «ወላሂ አለ! ወላሂ!» ይላሉ። ማን ይስማቸው። አንዲት አልቃሽ መሐል ገብታ ጀመረችው።

*መንገድ የማያልቅበት ሹፌሩ ወንድሜ፣*
*ከየት ልጠብቅህ ከእንግዲህ ወዲያ ቆሜ።*

እኔም አለቀስኩ። ይሄን መጻፍ ያሳፍራል። ሰውዬው ከኋላዬ ሽንቱን እየሸና መሆኑን እያወቅኩ፣ ዜማው ሲመጣ ታምራት መጣብኝ።

ጋሽ ይመር ከቁልቋሉ ኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሁለተኛው ግጥም ላይ ብቅ አለ።

«ቀበቶዬን እስካስር እንኳ አትታገሡም?»

አንዷ ጮሃ ሸሸች። አልቃሿ አፏ እንደተከፈተ ቀረ። እማማ ተዋቡ ተነስተው ፊቱን ዳሰሱት፣ ጆሮውን፣ አገጩን፤ ከዚያ በቡጢ ደረቱን መቱት። «አንተ የውሻ ልጅ!» አሉት፤ የራሳቸውን ልጅ። ሰው ሳቀ። እሱም አልቃሿን «ስለ መኪናዬ ምነው ምንም አላልሽ?» ሲላት ሳቁ ባሰ።

ግን እማማ ተዋቡ አልረሱም። «ትንሽ አሞታል ያልሽው ምንድን ነው?» አሉ።

ጋሽ ይመር እህቴን በዓይኑ ለመናት። ገብቷታል። ግን ተናገረች፤ በሽታውን በስሙ፣ ቦታውንም በስሙ፣ ለመንደሩ ሁሉ። ወንዶቹ መሬት አዩ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እንደገና ማልቀስ ጀመረች።

«ተዪ!» አለች እህቴ። «አሁን አልቅሳችኋል። ተለቅሷል፣ አልቋል። ከእንግዲህ የሚያለቅስለት ካለ መጀመሪያ እኔን ይለፍ።»

አቶ እንድሪስ «በቁሙ የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል» አሉ። አንዲት ጎረቤት ለካ ለለቅሶው ብላ ስንዴ ጥዳ ኖሯል። ንፍሮው ሲበስል ምን እናድርገው ተባለ። ጋሽ ይመር «ለኔ አይደል? አምጡት» አለ። የራሱን ለቅሶ ንፍሮ ሁለት እፍኝ በላ።

*እሁድ*

ሙሉ ቀን ሰው ሲመጣ ዋለ። አንዱ ማር፣ አንዱ እርጎ ይዞ ይመጣል። እኔን «የይመር አማች» እያሉ የት ላስቀምጥህ ይሉኛል። በስሜ የጠራኝ የለም። ሐዋሳ ጎረቤታችንን በስሙ ነው የምናውቀው፤ እዚያ ግን ሰው የማን እንደሆንክ ነው የሚጠይቅህ።

ከሰዓት በኋላ ግን ነገሩ ከረረ። እማማ ተዋቡ «የኔ ልጅ ቢላ አይነካውም። እስጢፋኖስ ይግባ፣ ሰባት ቀን ይጠመቅ» አሉ። ጋሽ ይመር «እኔም እንዲያ ነው ያሰብኩት» አለ፤ እህቴን ሳያይ። ያችን ቃል እናቱ አፍ ላይ ሊያገኝ ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ብዬ አሰብኩ። ይቅር ይበለኝ።

እህቴ ሻንጣውን ማዘጋጀት ጀመረች።

*ሰኞ*

ወደ ሐይቅ ወረድን። ገዳሙ ሐይቁ ውስጥ በተዘረጋው መሬት ላይ ነው፤ በእግር ይገባል። ሴት ግን አትገባም። እህቴ ሴት የማታልፍበት ቦታ ደረሰችና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ይመር ቦርሳውን አንግቶ ገባ። እኔ ተከተልኩት።

አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ትንሽ ራቅ ብለው አንድ አባት መጽሐፍ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ለእህትህ ንገራት» አለኝ። «ሰባት ቀን እዚህ ነኝ። እሷ ትሂድ።»

ሄጄ ነገርኳት። «ለምን እንደሆነ ጠይቀው» አለችኝ። «ጠበሉ ነው እንዳይለኝ። ጠበሉን አልጠላሁም። እውነቱን ጠይቀው።»

ተመልሼ ጠየቅኩት።

«ሐኪሙ ያለውን ሰምተሃል?»

«ይወጣል ነው ያለው።»

«ከዚያ በኋላስ? ሽንቴ ለጊዜው አይያዝልኝም። ያ ይሁን። ወንድነቴም ላይመለስ ይችላል አለ። እሷ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ንገራት።»

«እኔ?»

«አንተ። እኔ ፊቷ ላይ አልለውም።»

ከእህቴ ጋር እንዲህ ያለ ነገር አውርቼ አላውቅም። ቤታችን ቴሌቪዥኑ ላይ ሲሳሳሙ እንኳ አንዳችን ተነስተን ውሃ ልንጠጣ እንሄዳለን። እያዘገምኩ ሄድኩ። ዓረፍተ ነገሩን በልቤ አራት ጊዜ ቀየርኩት።

«አለ... ከኦፕራሲዮኑ በኋላ... ያው እንደ ባል...»

«ገባኝ» አለች።

ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። አንድ ታንኳ መሐል ላይ ነበር። ከዚያ ተናገረች፤ እንደ አስተማሪ ቃል በቃል አስደገመችኝ። ቃሉ ሳይጠፋብኝ ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። አባ ይሰማሉ። ምን ላድርግ።

«እንዲህ በለው አለች። ከተጋባን አሥራ ሁለት ዓመት ነው። ስንቱን ሌሊት ጅቡቲ መንገድ ላይ አደርክ? አልጋዬ ላይ ብቻዬን ማደር ለምጄዋለሁ፣ ማንም አልሞተም። መቅበር ግን በዚህ ዓመት አንዴ ቀብሬያለሁ። አልደግመውም። ወንድነት ካለህ ና፣ ፊቴ ላይ ቆመህ ሞትን መረጥኩ በለኝ። ካልሆነ ግን ቤቴ መጥተህ አንኮራፋ አለች።»

አባ ገጽ ገለጡ። ከመጣን ጀምሮ አንድም ቃል አላነበቡም።

ጋሽ ይመር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀ ነው። ወይም ሁለቱንም። ከዚያ ወደ አባ ዞረ።

«አባቴ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔ ሚስት የለኝም» አሉ። «በዚህ አላማክርህም። ጠበሉን ግን በጀሪካን እሰጥሃለሁ፣ ሐኪም ቤት ይዘኸው ግባ።»

ባለ አምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን ነው። ልያዝልህ ስለው እንቢ አለኝ። በመጣንበት መንገድ ተመለስን፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እህቴ ስታየን አልተነሳችም። ፊቷ መጥቶ ቆመ። ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠ። ቦርሳውን አስተካከለ። ሰው ለመናገር ሲቸግረው የሚያደርገውን ሁሉ አደረገ።

«ረቡዕ ስንት ሰዓት ነው ያሉን?»

«ሁለት ሰዓት» አለች።

«እንግዲያ ምን ተቀምጠሻል?»